ጃፓንኛን ያለ መምህር ለመማር ስለሚወጣው ዕቅድ

ጃፓንኛን ራሱን በራሱ ሊያስተምር የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ዕቅድ ማውጣት ነው። መጽሐፍ ከመግዛቱ፣ አንዲት ቃልም ከማጥናቱ በፊት ወረቀት ዘርግቶ ወራቱን ይከፋፍላል፤ በመጀመሪያው ወር ፊደሉን፣ እስከ ስድስተኛው ወር ይህን ያኽል የቻይና ቀለም፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ጋዜጣ ማንበብ ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያሉት ዕቅዶች በጓደኞቻችን ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ አይተናል፤ አንዱ ከሌላው የተቀዳ እስኪመስል ድረስም ይመሳሰላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ዕቅዶቹ ትጉህ ሰው ሊፈጽማቸው የሚችል መሆን አለመሆናቸውን አይደለም። የምንጠይቀው ለማን ተብለው እንደ ወጡ ነው።

አሳባችን ይህ ነው፤ ዕቅዶቹ የተቀዱባቸው መጻሕፍት የተጻፉት አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ተማሪ ስለሆነ፣ ለእርሱ የከበደውን ከባድ፣ ለእርሱ የቀለለውን ቀላል አድርገው ጊዜውን ይደለድላሉ። አፉን በአማርኛ የፈታ ጀማሪ ይህንኑ ድልድል እንዳለ ሲቀበል፣ በቶሎ ሊያልፈው በሚችለው ቦታ ላይ ወራት ያጠፋል፤ ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ደግሞ ሳይቆም ያልፋል።

ስለ ጃፓን በአማርኛ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን)። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ ለአንባብያን አቅርበዋል። በዚያው በ1931 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ መሆኑም የታወቀ ነው። እንግዲህ አገሪቱን በአማርኛ ስናነባት ቆይተናል፤ ቋንቋዋን ግን የምንጀምረው በእንግሊዝኛ በር ገብተን ነው። እንደ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ ይህ በር ብቸኛው በር መስሎ ይታየዋል፤ ሒሳቡንም፣ ታሪኩንም፣ ዕፀዋቱንም ያገኘው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጃፓንኛም በዚያው መምጣቱ አያስደንቀውም።

ብዙዎቹ ዕቅዶች የሚጀምሩት በአንድ ቁጥር ነው፤ 2200 ሰዓት። ይህ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማሠልጠኛ ተቋም ጃፓንኛን ከዓረብኛ፣ ከቻይንኛና ከኮሪያንኛ ጋር እጅግ ከባድ በሚባለው መደብ አስገብቶ የሰጠው የክፍል ሰዓት ግምት ሲሆን፣ በሳምንት ሲታሰብ 88 ይሆናል። ጀማሪያችን ቁጥሩን ይወስድና በቀን አንድ ሰዓት ባጠና ስድስት ዓመት ያልፈኛል ብሎ ይደነግጣል፤ ወይም በቀን ስድስት ሰዓት ብሎ ይጽፍና በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ነገር ግን ግምቱ የተለካው በማን ላይ ነው? እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆኑ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሙሉ ቀን በሚማሩ፣ ከፊታቸውም መምህር በቆመላቸው ሰዎች ላይ ነው። ያው ተቋም አማርኛን 1100 ሰዓት በሚጠይቀው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። የጎንደር ሕፃን አማርኛን ከባድ ቋንቋ ነው ብሎ እንደማያውቅ ሁሉ፣ ቁጥሩ የሚነግረን መንገደኛው ከየት እንደ ተነሣ ጭምር ነው። ከሌላ ቦታ ለተነሣ መንገደኛ አንዳንዱ ቁልቁለት ዳገት፣ አንዳንዱም ዳገት ቁልቁለት ይሆናል።

በፊደሉ እንጀምር። ጃፓኖች ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት የድምፅ ፊደሎች አሏቸው፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ቀለማትን ይይዛሉ። አንዱ ቀለም ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ያሰማል፤ ‹ካ› አንድ ቀለም ነው። ለእንግሊዙ ተማሪ ይህ አዲስ አሳብ ስለሆነ መጽሐፉ ሊያስረዳው ይደክማል፤ ሀሁ ለቆጠረ ልጅ ግን ማስረዳት አያሻውም። የአናባቢዎቹ ተራ ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ግዕዝና ሳድስ በመጽሐፍ ላይ የሉም፤ በአፍ ላይ ግን ሳድስን የሚመስል ነገር አለ። በቶክዮ አነጋገር ‹ዴሱ› የሚለው ቃል የመጨረሻው አናባቢ ስለሚዋጥ ለጆሯችን ‹ዴስ› ሆኖ ይሰማል፤ ‹ሱኪ›ም ‹ስኪ› ይመስላል። ይህን እንግሊዙ በደንብ መልክ ያጠናዋል፤ የእኛ ጆሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ከዚህም በላይ በቀለሙ ራስ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ጭረት ሲጨመር ካ ጋ ይሆናል፣ ሳ ዛ ይሆናል፣ ታ ዳ ይሆናል፤ እኛም በሰ ላይ ጨምረን ሸ፣ በደ ላይ ጨምረን ጀ፣ በነ ላይ ጨምረን ኘ እንደምንል ማለት ነው።

በእርግጥ ልዩነቱን መካድ አይገባም። በእኛ ፊደል ለ፣ ሉ፣ ሊ በመልክ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ይገምታል። በጃፓኖቹ ዘንድ ካ ከኪ ጋር ምንም የመልክ ዝምድና ስለሌለው እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ይጠናል። ይሁን እንጂ ከሁለት መቶ በላይ ቀለማት ያሉትን ፊደል በልጅነቱ የጨረሰ ሰው ለዘጠና ሁለት ቀለማት ሁለት ወር መመደቡ ራሱን መናቅ ነው እንላለን። ሁለት ሳምንት ይበቃል።

ታዲያ አንዳንዱ ዕቅድ ከዚህም ይሸሽና በላቲን ፊደል ይጀምራል። የዚህ አካሄድ ትልቋ ምስክር ኤሊነር ጆርደን ናቸው። በ1962 እና በ1963 በሁለት ክፍል በየል ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት የወጣው «ቢጊኒንግ ጃፓኒዝ» የተባለው መጽሐፋቸው ጃፓንኛውን በላቲን ፊደል ብቻ ያቀርባል፤ ከ1987 ጀምሮ ከማሪ ኖዳ ጋር ያሳተሙት መጽሐፍም ንግግርን ያስቀድማል። ንግግር ከጽሕፈት ይቀድማል የሚለውን አሳባቸውን እናከብራለን። የዓረፍተ ነገር ልምምዳቸውም፣ ማን ለማን እንዴት እንደሚናገር የሚሰጡት ማብራሪያም ከዚያ ወዲህ በወጡት ብዙ መጻሕፍት ውስጥ በዚያ ጥልቀት አይገኝም። ነገር ግን የላቲኑ ፊደል ለእንግሊዙ የገዛ ቤቱ ነው፤ ለእኛ ሦስተኛ ቤት ነው። በጆርደን አጻጻፍ ‹ሺ› የምትባለው ድምፅ ‹ሲ› ተብሎ በሚነበብ፣ ‹ቺ›ም ‹ቲ› ተብሎ በሚነበብ የላቲን ፊደል ትጻፋለች። አማርኛ አንባቢው ለምን ይህን ይሸከማል? ሺንና ቺን ለይቶ የሚጽፍ ፊደል በእጁ ይዟል። ሺንቡን፣ ናካሙራ፣ ታቤማሱ ብሎ በራሱ ፊደል ቢጽፍ ተነባቢዎቹን ሳያጎድል ይይዛቸዋል። አንድ ቦታ ብቻ ይጠንቀቅ፤ ‹ትሱ› የተባለችውን ቀለም ‹ጹ› ብሎ እንዳይጽፋት። የእኛ ጹ በጉሮሮ ተገፍታ የምትወጣ ስለሆነች የጃፓኑን ጆሮ ትወጋዋለች።

ከሁሉ ይልቅ ልንቆምበት የሚገባን መጽሐፍ ግን የጄምስ ሃይሲግ «ሪሜምበሪንግ ዘ ካንጂ» ነው፤ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ዕቅድ እምብዛም አላየንም። ካንጂ ማለት ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱት የቃል ምልክት ነው። መንግሥት በ1946 ለሕዝብ ጽሑፍ የሚሆኑ 1850 ምልክቶችን መርጦ ዝርዝር አወጣ፤ በ1981 ዝርዝሩ 1945 ሆነ፤ በ2010 ደግሞ 2136 ደረሰ። ከእነዚህም 1026ቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስድስት ዓመት ይሰጣሉ። በናጎያ በሚገኘው በናንዛን ዩኒቨርስቲ የሃይማኖት ፍልስፍና ሊቅ የሆኑት ሃይሲግ በ1977 መጀመሪያ ባወጡት መጽሐፍ ያመጡት አዲስ ነገር፣ ምልክቶቹን እንደ ክፍል ደረጃም እንደ ብዛታቸውም ሳይሆን እንደ አሠራራቸው መደርደር ነው። ቀላሉን ክፍልፋይ አስቀድመው ያስተምራሉ፤ ከዚያ በእርሱ የሚሠራውን ያስከትላሉ፤ ለእያንዳንዱም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጡና ክፍልፋዮቹን ከቃሉ ጋር የሚያያይዝ ተረት ተማሪው በአእምሮው እንዲሥል ያዛሉ። በ2011 የወጣው ስድስተኛው እትም 2200 ምልክቶችን ይዟል። በመጀመሪያው ቅጽ ንባብ፣ ማለት ምልክቱ በጃፓንኛ እንዴት እንደሚጠራ፣ አይሰጥም።

የአደራደሩን ብልሃት እናደንቃለን። ምልክትን በክፍልፋዩ ያወቀ ሰው ‹ይህ የጭረት ጫካ ነው› ብሎ አይሸበርም። ጉዳቱ ያለው በቁልፍ ቃሉ ላይ ነው። ሁለት ምልክት አንድ ቁልፍ እንዳይጋሩ ስለሚያስፈልግ፣ ትርጓሜያቸው ለሚቀራረብ ምልክቶች ደራሲው እየራቁ ሄደው ብርቅ የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጀማሪ እንግዲህ በመጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ያን ቃል ከተረቱ ጋር ያያይዛል፤ ቀጥሎ ተረቱን ከምልክቱ ጋር ያያይዛል። ይህን ሁሉ ደክሞ በመጨረሻ በእጁ የሚቀረው እንግሊዝኛ ነው፤ ጃፓንኛው ገና አልተነካም። በቀን 10 ቢይዝ 2136ቱን በ214 ቀን ይጨርሳል ተብሎ በዕቅዱ ላይ ሲጻፍ ደስ ያሰኛል። ይሁንና በ214ኛው ቀን ያ ሰው ‹ዛሬ› የሚለውን ቃል በጃፓንኛ ማንበብ አይችልም። ‹አሁን› እና ‹ቀን› የሚሉ ሁለት ቁልፎችን ያያል፤ ቃሉ ግን ‹ክዮ› ተብሎ ይነበባል፤ ይህም ከሁለቱ ምልክቶች ከአንዱም ለብቻው አይወጣም። ‹ብሩህ› እና ‹ቀን› ተጽፎ ‹አሺታ›፣ ማለት ነገ፣ ይባላል። ‹ትልቅ› እና ‹ሰው› ተጽፎ ‹ኦቶና›፣ ማለት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው፣ ይባላል።

ለመጽሐፉ የሚሟገቱ ሰዎች ንባቡ በሁለተኛው ቅጽ ይመጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ንባቡ በብዙ ምልክቶች ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ለምን ይለያያል? ‹ሰማያዊ› ማለት የሆነውና ‹ሴይ› ተብሎ የሚነበበው ምልክት በ‹ንጹሕ› ውስጥ፣ በ‹ብራ ሰማይ› ውስጥ፣ በ‹ልመና› ውስጥ፣ በ‹መንፈስ› ውስጥ ይገኛል፤ አራቱም ‹ሴይ› ይባላሉ። ይህን የመሰለውን ርዳታ ለተማሪው አለመንገር ብርሃን ባለበት ቤት ዓይን ጨፍኖ እንደ መዳበስ ነው። መጽሐፉ ወደ ስፓኝ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመን ቋንቋዎች ተመልሷል፤ መላሾቹም ቁልፍ ቃላቱን በየቋንቋቸው እንደ ገና መምረጥ ነበረባቸው። ይህ ራሱ ዘዴው በቁልፉ ቋንቋ ላይ የቆመ ለመሆኑ ምስክር ነው። በሃይሲግ መጠቀም የሚሻ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛውን ሰርዞ በዳር በዳሩ አማርኛውን ከጃፓንኛው ንባብ ጋር ይጻፍ፤ አለዚያ በአንድ ዕቅድ ሁለት ቋንቋ ሊማር ተነሥቷል።

ስለ ካንጂ ንባብ አንባቢን የሚያስጨንቀው አንዱ ምልክት ሁለትና ከዚያ በላይ ንባብ ያለው መሆኑ ነው፤ አንዱ የጃፓን ተወላጅ፣ ሌላው ከቻይና የመጣ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህን እንደ ዕዳ ያቀርቡታል። እኛ ግን ግዕዝና አማርኛ ባንድ አፍ ሲኖሩ አይተናል። ተራራ ለብቻው ሲጠራ ‹ተራራ› እንላለን፤ በስም ውስጥ ሲገባ ግን ደብረ ዘይት፣ ደብረ ታቦር ነው። ጃፓኑም ተራራን ለብቻው ‹ያማ› ይለዋል፤ በስም ውስጥ ሲገባ ‹ፉጂ-ሳን› ይላል፤ የሚጻፈው ግን በአንዱ ምልክት ነው። ውሃ ‹ሚዙ› ነው፤ ረቡዕ፣ ማለት የውሃ ቀን፣ ‹ሱይዮቢ› ነው። ደብርና ተራራ ባንድ ምልክት ቢጻፉ ኖሮ እኛም እንዲሁ ባነበብን ነበር። የቻይናው ንባብ በሕግ፣ በትምህርትና በቢሮ ቃላት ውስጥ መብዛቱም በእኛ ዘንድ የግዕዙ ቃል በዚያው ቦታ ከመብዛቱ ጋር ይመሳሰላል። ይህን ንጽጽር አንድ የአማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሰማው ይገባ ነበር፤ በየትኛውም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም።

ወደ ሰዋስው ስንመጣ የድልድሉ ስሕተት ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር በግሥ የሚያልቅበትን ምክንያት ለማስረዳት ይጣጣራል። ‹ታሮ ጋ ሆን ኦ ዮንዳ›፤ ታሮ መጽሐፉን አነበበ። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግሥ፤ ይኸው ነው። ‹ኪኖ ካታ ሆን›፤ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ። ገላጩ ዓረፍተ ነገር በሙሉ ከስሙ በፊት መምጣቱ ለእንግሊዙ ዓለሙን መገልበጥ ነው፤ ለእኛ ከቀን ወደ ቀን የምንናገረው ነው። የእኛን ‹የ› የመሰለ ምልክት እንኳ በመካከሉ አይገባም። ‹ኢኩ ቶ ኦሞው›፤ ይሄዳል ብዬ አስባለሁ። የ‹ቶ› ሥራ የእኛ ‹ብሎ› ሥራ ነው። ሰው ሲሥቅ ‹ኒኮኒኮ ሱሩ›፣ ሲደነግጥ ‹ቢኩሪ ሱሩ› ይላሉ፤ እኛም ‹ፈገግ አለ›፣ ‹ድንግጥ አለ› እንላለን። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ስለሌለው መጽሐፎቹ እነዚህን ቃላት እንደ ልዩ ጌጥ አድርገው ወደ መጨረሻው ይገፏቸዋል፤ እኛ በመጀመሪያው ወር ልንበላቸው እንችላለን።

ከእነዚህም ሁሉ የበለጠው የቦዝ አንቀጹ ነገር ነው። ጃፓንኛ ‹ቴ› በሚል የሚያልቅ የግሥ ቅርጽ አለው፤ በብዙ መጻሕፍት ተማሪው ወደዚህ ቅርጽ የሚደርሰው ብዙ ምዕራፍ ከተጓዘ በኋላ ነው፤ ከዚያም ሥራዎቹ አንድ ባንድ እየተነጠሉ ይሰጡታል። ‹ሆን ኦ ዮንዴ ኔታ›፤ መጽሐፍ አንብቦ ተኛ። ‹ታቤቴ ኪታ›፤ በልቶ መጣ። ‹ታቤቴ ሚሩ› ማለት በቁሙ ‹በልቶ ማየት› ነው፤ ትርጓሜውም መሞከር ነው። ምግብ አቅርባ ‹ቀምሰህ እየው› ያለች እናት ያለች ልጅ ይህን የሰዋስው ደንብ በቃሉ ማጥናት የለበትም። አማርኛ ‹ሞቷል› ሲል ‹ሞቶ አለ› ማለቱ እንደ ሆነ ሰዋስዋችን ያስተምረናል፤ ጃፓንኛም ‹ሺንዴ ኢሩ› ሲል ‹ሞቶ› እና ‹አለ› ብሎ ነው የሠራው። ‹ኬኮን ሺቴ ኢሩ›፤ አግብቷል። ሁለቱ ቋንቋዎች ምንም የደም ዝምድና ሳይኖራቸው ግሡን እስከዚህ ድረስ ባንድ መንገድ ማሰራቸው የሚያስገርም ነው፤ የቋንቋ ጥናት ክፍል ጓደኞቻችን ቢያተኩሩበት ደስ ይለናል።

ነገር ግን መመሳሰል ያስታል። ያው ቅርጽ በ‹ታቤቴ ኢሩ› ላይ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ‹በልቷል› ሳይሆን ‹እየበላ ነው› ማለት ነው። ድርጊቱ ሊቆይ የሚችል ሲሆን መቆየቱን፣ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ሲሆን ደግሞ ተፈጽሞ መገኘቱን ያመለክታል፤ አማርኛ ይህን ለሁለት ቅርጽ ከፍሎታል። ደግሞም የእኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይይዛል፤ መጣሁ፣ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣች። የጃፓኑ ‹ኪታ› ለሁሉም አንድ ነው፤ ባለቤቱንም አብዛኛውን ጊዜ አይጠራውም። እንግሊዙ ‹እኔ፣ አንተ› እያለ ያበዛል፣ ይታረማልም፤ እኛ ግን ባለቤት መተው ለምደናልና ትክክል የሠራን ይመስለናል፤ ማን እንደ መጣ ግን ከአነጋገሩ ሁኔታ መገመት አለብን። ‹ዋ› እና ‹ጋ› የተባሉት ምልክቶችም አሉ። ‹ታናካ-ሳን ዋ?› ማለት ‹ታናካስ?› ማለት ስለሆነ፣ ‹ስ› በር ይከፍትልናል እንጂ ቤቱን ሁሉ አያሳየንም። ረዥም ነገር፣ ጠፍጣፋ ነገር፣ ትንሽ እንስሳ በየራሱ ቃል መቆጠሩ ደግሞ ለማንም አዲስ ነው፤ ኢፖን፣ ኒሆን፣ ሳንቦን እያሉ መልመድ ብቻ ነው።

መቆም በሚገባን ቦታ ሳንቆም እናልፋለን ያልነው በድምፅ ነው። ‹ኪቴ› ላልቶ ሲነገር ‹መጥቶ›፣ ጠብቆ ሲነገር ‹ቴምብር› ነው። ለዚህ ጆሯችን ዝግጁ ነው፤ አለ ላልቶና ጠብቆ ሁለት ትርጓሜ አለው፤ ገናም እንዲሁ። እጃችን ግን አልተዘጋጀም፤ የእኛ ፊደል መጥበቅን ስለማይጽፍ ጀማሪው በጃፓንኛ ጽሑፍ ውስጥ ለመጥበቅ የምትገባውን ትንሿን ‹ትሱ› ይዘላታል። የአናባቢ መርዘም ግን ከጆሯችንም ከእጃችንም የለም። ‹ኦባሳን› አክስት ናት፤ ‹ባ› ሲረዝም አያት ትሆናለች። ‹ሃሺ› በመጀመሪያው ከፍ ሲል የመመገቢያ እንጨት ነው፤ በመጀመሪያው ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ከፍ ሲል ድልድይ ነው። በፊደላችን ስንጽፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። የምናያቸው ዕቅዶች ለመስማት ጊዜ የሚሰጡት በሁለተኛው ዓመት፣ ‹ፊልም ማየት› በሚል ርእስ ነው። በአማርኛ ለተነሣ ተማሪ መስማት በመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት፤ ከሰዋስው የተረፈው ሰዓት ሁሉ ወደዚህ ይግባ። የጃፓን ብሔራዊ ራዲዮ ለውጭ አገር ሰዎች በብዙ ቋንቋዎች የቋንቋ ትምህርት ሲያሰራጭ ከቆየባቸው መካከል ዓረብኛና ስዋሂሊ ይገኙበታል፤ በአማርኛ ባይሆንም የሚሰማው ጃፓንኛ ያው ስለሆነ የሚጎዳ ነገር የለውም።

ስለ ሌሎቹ መጻሕፍት ረዥም መናገር አያስፈልግም። በ1999 የወጣው «ጌንኪ» በ23 ምዕራፍ 317 ካንጂ ያስተምራል፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ የተሠራው ግን ለክፍል ነው። ‹ከጓደኛህ ጋር ተጠያየቅ› የሚለው ልምምድ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ጀማሪው ልምምዱን ይዘልና ምዕራፉን ጨረስኩ ይላል። በ1998 የወጣው «ሚና ኖ ኒሆንጎ» ዋናው መጽሐፍ በሙሉ በጃፓንኛ ስለሆነና ትርጓሜው በየቋንቋው ለብቻው ስለሚታተም፣ እንግሊዝኛን በመካከል ለማሳነስ ለሚፈልግ ሰው የተሻለ ይመስለናል። ካርድ እያገላበጡ ማጥናትንም አንነቅፍም። ኤቢንግሃውስ በ1885 ስለ መርሳት ከጻፈ፣ ላይትነርም በ1972 የካርድ ሣጥኑን ካሳወቀ ወዲህ ነገሩ የታወቀ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ ይህን በኮምፒዩተር የሚሠራው ‹አንኪ› የተባለው መሣሪያ ስሙ ራሱ በጃፓንኛ ‹በቃል መያዝ› ማለት ነው። ጥያቄው በካርዱ ጀርባ ምን ይጻፍ የሚለው ነው፤ እኛ አማርኛና አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንላለን።

ዕቅዶቹ ሁሉ የሚያበቁት በፈተና ስም ነው። የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና በ1984 ተጀምሮ ከ2010 ወዲህ በአምስት ደረጃ ይሰጣል። ከተሰጡት መልሶች መምረጥ ነው፤ መናገርም መጻፍም አይፈተንበትም። ለትምህርት ዕድል ወይም ለሥራ ለሚያመለክት ሰው ማስረጃው ይጠቅመዋል፤ እኛም በሰማነው ጊዜ ልባችን አልሸፈተም አንልም። ነገር ግን ያለ መምህር የሚማር ሰው የሚጎድለው ዋናው ነገር የሚያርመው ሰው ስለሆነ፣ አፍን የማይጠይቅ ፈተና ጉድለቱን ይሸፍንለታል እንጂ አያሳየውም።

ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በአክብሮት አነጋገር ላይ ነው። አንተና እርስዎ የሚል፣ ‹መጣ› እና ‹መጡ› ብሎ ሰውን የሚያከብር ቋንቋ ስላለን ይህ ክፍል በነጻ የተሰጠን ይመስለናል። ጃፓንኛም ለሚከበረው ሰው ‹ኢኩ› በማለት ፈንታ ‹ኢራሻሩ› ይላል። እስከዚህ እንሄዳለን። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ለእንግዳ ሰው ስለ ገዛ አባቱ ሲናገር ‹አባቴ ይመጣሉ› ይላል፤ ‹ይመጣል› ቢል አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ጃፓኑ ልጅ ግን አባቱን ፊት ለፊት ‹ኦቶሳን› ብሎ አክብሮ ይጠራና ለውጭ ሰው ሲናገር ‹ቺቺ› ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፤ ግሡንም ዝቅ ያደርጋል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ከውጭ ለደወለ ሰው ስለ አለቃው ሲመልስ በስሙ ላይ ‹ሳን› አይጨምርም። አክብሮቱ የሚሰላው በዕድሜና በማዕረግ ብቻ ሳይሆን ሰሚው የቤት ነው የውጭ ነው በሚለውም ነው። እንግሊዙ ይህን ከባዶ ስለሚማር መጽሐፉ እንደሚለው ይናገራል። እኛ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ጨዋነት አለን፤ ስሕተት የሚያናግረንም እርሱው ነው። የጻፍነውን መልመጃ በመልሱ ገጽ ብናስተያይ ይህ ስሕተት አይገኝም፤ መጽሐፉ እንግሊዝ የማይሠራውን ስሕተት አይጠይቅምና። ስለዚህ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ቤተ ሰባችን በጃፓንኛ የምንተርክለት አንድ ጃፓናዊ፣ በአካል ባይሆን በደብዳቤ ወይም በስልክ፣ በዕቅዱ ላይ ከመጽሐፎቹ በላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ‹አባትህን በእኔ ፊት አታክብር› የሚለን እርሱ ብቻ ነው።